ቱሉ ዲምቱ ያለው ፀጉር ቤት፣ ፀጉሩም ወሬውም

ቱሉ ዲምቱ ስላለው ፀጉር ቤት ሰው ሁሉ እየጠየቀኝ ስለሆነ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈውና ልገላገል። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፣ ፀጉራችሁ ከርዳዳ ከሆነ ሂዱ፣ ፂሙን ሲላጭ አንገቱ ላይ ሽፍታ የሚወጣበት ወንድም ወይም ባል ካላችሁ ላኩት፣ ስለ ዘርና ስለ ቀለም ሲወራ የሚያማችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ ምክንያቱም እዛ ቤት ወሬው ከአገልግሎቱ ጋር ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው፣ ለብቻው አይለይም።

አካሄዱ ቀላል ነው። የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት አደባባይ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ኮንዶሚኒየሙ መግባት ነው። ታቤላ የለውም፣ ሁሌ በሚቀጥለው ሳምንት ይሰቀላል ይላሉ እስካሁን አልተሰቀለም። ባጃጁን "አሜሪካኑ ቤት" ካላችሁት ሳይጠይቅ ያደርሳችኋል። አሜሪካኑ የሚባለው እንግዲህ የደሴ ልጅ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ጥቁር አሜሪካኖች ፀጉር ቤት ብዙ ዓመት ሠርቶ ስለተመለሰ ነው ስሙ የወጣለት። የሴቶቹን ክፍል የያዘችው ደሞ የጋምቤላ ልጅ ናት። እሱን አሜሪካኑ ይሉታል፣ እሷን "ከየት አገር ነው የመጣሽው?" ይሏታል። እሷጋ በኋላ እመለሳለሁ።

ቤቱ ራሱ ይሄን ያህል አይደለም። ከብሎክ ሥር ያለች አንድ ሱቅ ናት፣ መሐሏን በመጋረጃ ከፍለዋታል፣ ከፊት ወንዶች ከኋላ ሴቶች፣ መጋረጃው ስስ ስለሆነ ወዲያ ማዶ የሚወራው ሁሉ ወዲህ ይሰማል ወዲህ የሚወራውም እንደዛው። ንጽህናው ጥሩ ነው፣ ቶንዶሱን ከሰው ሰው በአልኮል ያጸዱታል፣ ፎጣው ይቀየራል፣ ምላጩ ፊታችሁ ነው የሚከፈተው። ግድግዳው ላይ ግን እንደሌላው ቤት የፀጉር ስታይል ፖስተር የለም። ከመስታወቱ በላይ ያጎፈረ የዐድዋ ዘመን አርበኛ ሥዕል አለ፣ ከጎኑ የጆን ሮቢንሰን ፎቶ። ሰውየውን ለማታውቁት፣ ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ፓይለት ነው፣ ያደገው ሚሲሲፒ ነጭና ጥቁር አብሮ በማይቀመጥበት ዘመን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲል መጥቶ ለጃንሆይ በረረ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ተመልሶ የኛን ልጆች በረራ አስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ አዲስ አበባ ሞቶ እዚሁ ተቀበረ። ደንበኞቹ ስለ ፎቶው ያልጠየቀ ሰው ወረፋ አይደርሰውም ብለው ይቀልዳሉ፣ ቀልድ ብቻም አይመስለኝም።

ወደ ፀጉሩ ልሂድ። የኔ ፀጉር ጠንካራ ነው። የእህቴ ዞማ ነው፣ በአንድ እናት በአንድ አባት። ልጆች ሆነን እሷ ስትበጠር "ታድለሽ!" ነበር የሚባለው እኔ ስበጠር "አይዞሽ"። መሐል ከተማ ያሉ ትልልቅ ፀጉር ቤቶች ስገባ ገና ሻሼን ሳወልቅ ሠሪዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና "ፐርም አትቀቢም እንዴ?" ይመጣል፣ አንዷማ ለዚህ ፀጉር የሁለት ሰው ነው የምናስከፍለው ብላኛለች በሰው ፊት። እዚህ ማንም እንዲህ አላለኝም። ልጅቷ ፀጉር በደረቁ አትነካም፣ መጀመሪያ በውሃ ታርሰዋለች፣ ኮንዲሽነሩን በእጇ እያሸች ታስገባዋለች፣ ከዛ በማበጠሪያው ጭራ አራት ቦታ ትከፍለውና ሦስቱን በመያዣ አስራ አንዱን ብቻ ትሠራለች። ማበጠር የምትጀምረው ከጫፉ ነው። ጫፉ ሲፈታ ትንሽ ወደ ላይ፣ እሱ ሲፈታ ደሞ ትንሽ ወደ ላይ፣ በግራ እጇ ሥሩን ጨብጣ ስለምትይዘው ጭንቅላትሽ አይጎተትም፣ ሥሩ ጋ ስትደርስ የሚፈታ ቋጠሮ የለም። በቃ ይሄ ነው ምስጢሩ፣ ማሽን የለ ተአምር የለ። ከሥር ጀምረው እየሞነጨሩ ዕንባ ሲያስመጡን የኖሩት ሰዎች ይሄን ማወቅ ምን አቃታቸው እያልኩ ነበር የተቀመጥኩት። ሹሩባ ስትሠራም ግንባር አትወጥርም፣ ዐይን ወደ ላይ እስኪሳብ ማጥበቅ እዚህ የለም፣ የግንባር ፀጉራቸው የተመለጠ ሴቶች መጥተው እሷጋ ነው መልሶ ያበቀለላቸው። ለጋ ቅቤ ይዘሽ ከሄድሽ ትቀባሻለች፣ ከቆየ ግን ታሸትሽና ትመልስልሻለች፣ ይሉኝታ አታውቅም።

ወንዶቹ ጋ ወንድሜ ነው የሄደው። አንገቱ ላይ የሚወጣበትን ነገር ስንት ቅባት ሲቀባ ኖሯል። አሜሪካኑ አይቶት የነገረው እንዲህ ነው፣ ጥምዝ ፀጉር ከሥሩ ሲላጭ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾልና ተጠምዞ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ቆዳው እንደ ባዕድ ነገር ስለሚያየው ያብጣል ይቆስላል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ቅባት ሳይሆን አለመላጨት ነው፣ በቶንዶስ ትንሽ አስቀርቶ መከርከም። ሰውየው ተከርክሞ ወጣ፣ አሁን አንገቱ ሌላ ሰው መስሏል። እዛው ላይ ወሬው ተነሳ። አሜሪካ ጦር ውስጥ በዚህ ችግር ምክንያት ፂም ያለመላጨት ፈቃድ ይሰጥ ነበር፣ ፈቃዱን የሚይዙት ደሞ አብዛኞቹ ጥቁር ወታደሮች ናቸው፣ በ2025 ሕጉን አጠበቁትና ችግሩ ያልለቀቀው ሰው ከጦሩ እስከ መሰናበት ሊደርስ ይችላል ተባለ። "አንድም ቦታ ጥቁር የሚል ቃል የለበትም ሕጉ" አለ አሜሪካኑ፣ "ግን ማን ላይ እንደሚያርፍ ምላጩ ያውቀዋል።" ሁለተኛው ወንበር ላይ ያለ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወታደር ቤት ዲሲፕሊን ነው ምን ያድርጉ ብሎ ተነሳበትና እንግዲህ ቶንዶሱ አየር ላይ ቀረ። ይሄ የቤቱ ትልቁ በሽታ ነው፣ ሰውዬው ሲከራከር እጁ ይቆማል፣ ግማሽ ጭንቅላታችሁ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ የቴክሳስን ጉዳይ እስኪጨርስ ትጠብቃላችሁ።

የቴክሳሱን ደጋግሞ ነው የሚያወራው። ካሊፎርኒያ በ2019 ሰውን በፀጉሩ ዓይነት ከሥራ ከትምህርት ማግለል የሚከለክል ሕግ አወጣች፣ ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሉ፣ ቴክሳስም በ2023 ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። በዛው ሰሞን ሂዩስተን አካባቢ አንድ ጥቁር ተማሪ በድሬዱ ምክንያት ከክፍል ተባረረ፣ ለወራት ከጓደኞቹ ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደና በ2024 ዳኛው ለትምህርት ቤቱ ፈረደ፣ ሕጉ አሠራሩን እንጂ ርዝመቱን አይጠብቅም ተባለ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲስቅ አንድ አባት ግን ልጃቸውን ይዘው የመጡ "እኛስ ትምህርት ቤት ምን እያደረግን ነው? ልጄ ፍሪዙን ካልተቆረጠ በር ላይ ይመልሱታል" አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ። እውነታቸውን ነው፣ የዐድዋን ጎፈሬ ግድግዳ ላይ ሰቅለን የልጆቻችንን የምንላጭ እኛ ነን። (እሳቸው በመጨረሻ አስቆረጡት፣ ሰኞ ትምህርት አለዋ።)

እኔን የነካኝ ግን የእርሳሱ ወሬ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ሕዝቡን በዘር የሚመዘግብ ሕግ ከወጣ በኋላ፣ መልኩ ያምታታቸውን ሰው ፀጉሩ ውስጥ እርሳስ ይሰኩበት ነበር፣ እርሳሱ ከወደቀ ወደ ነጭ ካልወደቀ ወደ ሌላ፣ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ሰዎች ለየብቻ ዘር የተመደቡበት ጊዜ ነበር፣ ዘርህ ደሞ የት እንደምትኖር ከማን ጋር እንደምትጋባ ይወስናል። እኔና እህቴን አሰብኩ። እሷ ላይ እርሳሱ ይወድቃል። እኔ ላይ መጥፋቱ ነው፣ ፈልገው አያገኙትም። ለሷ ሳወራላት ሳቀች፣ ቆይታ ግን "እቤት የነበረው ነገርስ ምኑ ተለየ?" አለችኝ። እኔ እንኳን እዛ ድረስ አልሄድኩም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው ወሬው የሚጦፈው፣ ሥራ ያለውም የሌለውም ይመጣል። አንድ ቅዳሜ እኔ ካስክ ውስጥ ሆኜ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አንዲት እናት "እኛ ሐበሻ ነን፣ ጥቁሮቹ ሌሎች ናቸው፣ ተገዝተን አናውቅ" አሉ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነው። አሜሪካኑ ወዲያ ማዶ ሰምቶ ሥራውን ትቶ መጣ። መጀመሪያ የሕዝብ ቆጠራውን አነሳ፣ የ2020ው የአሜሪካ ቆጠራ ቅጽ ላይ ጥቁር ከሚለው ሳጥን ሥር ለምሳሌ ብሎ የደረደራቸው ውስጥ ናይጄሪያዊና ሶማሌ ከሚሉት ጋር ኢትዮጵያዊ የሚልም አለ። እትዬ አልተበገሩም፣ ቅጽ ምን ያመጣል አሉ። ከዛ የሙሉጌታ ሥራውን ነገራቸው። ልጁ ሊማር ኦሪገን ፖርትላንድ የሄደ ነው፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1988 ሦስት ራሳቸውን የተላጩ የነጭ ዘረኞች መንገድ ላይ አግኝተው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መትተው ገደሉት። በኋላ ቤተሰቡ ገዳዮቹን ብቻ ሳይሆን ያሰማራቸውን ድርጅትና መሪውን ከሰው በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ፍርድ አገኙ፣ ድርጅቱን አከሰረው። "እትዬ፣ ዱላውን ያነሳው ሰው ስለ ዐድዋ አልጠየቀውም" አላቸው። አሮጊቷ ዝም አሉና "የማን ልጅ ነበር?" ብለው ጠየቁ። ለኔ ከክርክሩ ሁሉ ይቺ ጥያቄ በለጠችብኝ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የጋምቤላዋ ልጅ ማበጠሪያዋን ሳታስቀምጥ የተናገረችው። ብዙ አታወራም፣ ስታወራ ግን ድምጿን አትጨምርም። "አሜሪካ ያለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እኔ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚጠራኝ" አለች። ይሄን እኔም በዐይኔ ያየሁት ነው፣ ደንበኛ ገብቶ ቀጥታ እሷን "ሀው ማች?" ይላታል፣ እሷ "ታጥቦ ተሠርቶ 600 ብር ነው እትዬ፣ ቅቤ ካለ 100 ይጨመራል" ስትል ሴትዮዋ የምትገባበት ይጠፋታል። ቤት ልትከራይ ስትሄድ ለውጭ ዜጋ በዶላር ነው ብለዋታል፣ መታወቂያዋን አሳይታ እንኳን አከራዩ መታወቂያውን አገላብጦ አይቶ "ከየት አወጣሽው?" ነው ያለው። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሲገደል ፎቶውን ፕሮፋይሉ ላይ ያደረገ ጎረቤቷ በሳምንቱ ከኳስ ጨዋታ ሲመለስ የተሸነፈበትን ቡድን በረኛ "ይሄ ባሪያ" እያለ ደረጃውን ሲወጣ ሰምታዋለች። ማንም ምንም አላለም። የባርያ ንግድና ባርነት በአዋጅ የቀረው በኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው፣ እዛ ቤት ከነበሩት እናቶች የአንዳንዶቹ ወላጆች የኖሩበት ዘመን ነው፣ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም፣ ለአንዱ ቁጣ ለሌላው ቀልድ ሆኖ ይኖራል። እሷ ይሄን ሁሉ ስትናገር የኔን አራተኛውን ክፍል እየሠራች ነበር፣ አንዴም እጇ አልቆመም፣ ከአሜሪካኑ በምን ትለያለች ብትሉኝ በዚህ።

አሁን የማልስማማበትን ልናገር። አሜሪካኑ ዓለምን ሁሉ በሜሪላንድ መስኮት ነው የሚያየው። ነጭ በጥቁር ላይ ያደረገውን ሲያወራ ዓመተ ምሕረቱ አይዛነፍበትም። ግን አንዱ ደንበኛ፣ ደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ሱቅ የነበረው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2008ም በ2015ም የውጭ ዜጎች ሱቅ ሲዘረፍና ሲቃጠል የኛ ልጆች ሱቅ አብሮ እንደነደደ አንስቶ "ያ እርሳስ ሲሰካበት የኖረ ሰው ነው እኔን የዘረፈኝ፣ እሱን ምን ትለዋለህ?" ብሎ ሲጠይቀው ድህነት ነው፣ የአፓርታይድ ውርስ ነው ብሎ አለፈው። ሊሆን ይችላል፣ ሥራ አጡ ወጣት የተጠራቀመ ብሶቱን አጠገቡ ባገኘው ላይ ነው የሚወጣው፣ ግን ለሰውየው ይሄ መልስ አልሆነውም ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። እስራኤል ያሉትን ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ ነው፣ በ2019 ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ከሞተ በኋላ የወጣውን ሰልፍ ያነሳና ቶሎ ፍሎይድ ወደተገደለባት ሚኒያፖሊስ ይመለሳል። እዛ ያለው ነገር የራሱ ጣጣ አለው፣ ሃይማኖቱ አለ ውትድርናው አለ፣ ሁሉም በአሜሪካ ቅርጽ አይቆረጥም።

ሁለተኛ የፐርም ስብከቱ። መስታወቱ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፏል፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2022 ያወጣው ጥናት ነው፣ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶች ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትለው ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የሚቀቡት የማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከማይቀቡት በእጥፍ በልጦ አገኙት። ቁጥሩ ሲታይ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ከማይቀቡት ከመቶ 1.64፣ አዘውትረው ከሚቀቡት ከመቶ 4.05 ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ይለጠፍ፣ ሰው ማወቅ አለበት፣ ጥናቱ ግንኙነት አገኘ እንጂ ፐርም ነው ያመጣው ብሎ እንዳልደመደመ ግን አብሮ ይለጠፍ። እኔን ያናደደኝ ፐርም ልትቀባ የመጣችን ልጅ ራስሽን ትጠያለሽ ማለቱ ነው። ኧረ ባክህ! ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ሰርቪስ ለመያዝ የምትሮጥ፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖር፣ አለቃዋ "ፀጉርሽን ሰብሰብ አድርጊው" የሚላት ሴት ነጭ መሆን ፈልጋ አይደለም ፐርም የምትቀባው፣ ጠዋት ላይ ሃያ ደቂቃ ልታተርፍ ነው። የጋምቤላዋ ልጅ ይሄን ታውቃለች። ትጠይቅሻለች፣ ጉዳቱን አንዴ ትነግርሻለች፣ ከዛ ያልሽውን ትሠራለች፣ የራስ ቆዳሽ ከቆሰለ ብቻ እምቢ ትላለች።

ሌሎች ቅሬታዎች ልጨምር። ወረፋ በስልክ አይያዝም፣ ቅዳሜ ከሄዳችሁ ግማሽ ቀናችሁን ሰጥታችሁ ነው የምትመለሱት፣ ተማሪዎቹ ደሞ "ቅድም መጥቼ ነበር" እያሉ ይገባሉ ማንም አያስቆማቸውም። ካስኩ አንድ ነው። ውሃ ከሮቶ ነው፣ ሲያልቅ በጀሪካን ነው የሚያጥቡት፣ በቀዝቃዛ። መብራት ሲጠፋ ቶንዶሱ ቻርጅ ስላለው ወንዶቹ ይቀጥላሉ ሴቶቹ እርጥብ ፀጉር ይዘን እንቀመጣለን፣ ይሄ ራሱ አንድ ቀን ቢነሳ ጥሩ ነበር ከነዛ ሁሉ ጭቆናዎች መሐል።

ዋጋው ለሰፈሩ ወደድ ይላል ለመሐል ከተማ ግን ርካሽ ነው። የወንድ 250 ከፂም ጋር 350፣ የሕፃን 150፣ የሴት ማጠብና መሥራት 600፣ ሹሩባ እንደ ቅጥነቱ ከ500 ይጀምራል። በቴሌብርም ይከፈላል። ለጠንካራ ፀጉር የሚጨመር ነገር የለም፣ ጠይቄያለሁ፣ እንዲያውም ጥያቄው ራሱ አስቋታል። ሕፃን ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች ወደሷ ውሰዷቸው፣ ወንድም ቢሆን፣ አሜሪካኑ ልጅ ሲቆርጥ ታሪክ ያስተምራል፣ ልጁ ደሞ ይነቃነቃል።

ሰኞ ዝግ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ፀጉር ብቻ ፈልጋችሁ ከሆነ ያኔ ሂዱ። ቅቤ የምትይዙ ደሞ እባካችሁ በደንብ ቋጥሩት፣ ባለፈው ባጃጅ ውስጥ የፈሰሰበት ሹፌር እስካሁን ሰው ሲያሳፍር ቦርሳ እየፈተሸ ነው።